ሁልጊዜ ሙሉ የነበረው የውሃ ዕቃ፦ ከኮፈን ሥር ስለሚደረግ ፍተሻ አንድ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

አንድ ወጣት ሾፌር የጋለ ሞተር ራዲያተር ሲከፍት የፈላ ውሃ ክንዱንና አንገቱን አቃጠለው። አደጋው በራሱ አዲስ አይደለም፤ ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ተመሳሳዩን ሰምቷል ወይም አይቷል። ጉዳዩን እንድጽፈው ያደረገኝ ከአደጋው በፊት የነበረው ጊዜ ነው። መኪናዋ ችላ የተባለች አልነበረችም። ኮፈኗ (የሞተሩ መክደኛ) በየቀኑ ይከፈታል፤ ዘይቷም ውሃዋም ይታያል፤ የጎደለው ይሞላል። ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች በየፊናቸው ይፈትሿት ነበር፤ ሁለቱም አየን ያሉት ነገር እውነት ነበር። ሞተሩ ግን ውሃ እያጣ ነበር።

ስለዚህ ኮፈን በየቀኑ መክፈት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አይደለም። ኮፈን ከተከፈተ በኋላ የሚደረገው ነገር መቼ ነው ፍተሻ የሚሆነው፣ ያስ ሰውን ሳይጎዳ እንዴት ይከናወናል የሚለው ነው። በጊዜው የድርጅቱን ተሽከርካሪዎች ጥገና የምከታተለው እኔ ስለነበርኩ ምርመራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። ሁለቱ ሾፌሮች ታሪኩ ያለ ስም እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

## መኪናዋና ሁለቱ ሾፌሮች

መኪናዋ ብዙ ዓመት ያገለገለች፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን አውቶሞቢል ናት። የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶ ነው፤ ቺንጋው የሚወጠረው ዲናሞውን ወደ ውጭ ገፍቶ ቡሎኑን በማጥበቅ ነው። የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር በላዩ ክዳን አለው። ከክዳኑ አንገት የሚነሣ ቀጭን ቱቦ ደግሞ በጎን ወደ ተቀመጠ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ይሄዳል፤ በዕቃው ላይ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መጠን የሚያሳዩ ሁለት መስመሮች አሉ።

የታሪኩ ቋጠሮ ይህ ቀጭን ቱቦ ስለሆነ ሥራውን ማስረዳት ያስፈልጋል። ሞተር ሲግል በውስጡ ያለው ውሃ ይሰፋል። ግፊቱ ከክዳኑ አቅም ሲያልፍ ትርፉ በቱቦው በኩል ወደ ፕላስቲኩ ዕቃ ይወጣል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ይኮማተርና ራዲያተሩ የወጣውን መልሶ ይስባል። ጤነኛ በሆነች መኪና የዕቃው ውሃ ከጉዞ በኋላ ከፍ፣ ካደረ በኋላ ዝቅ ይላል። ራዲያተሩ ሲጎድልበትም ከዕቃው ስለሚወስድ ጉድለቱ እዚያው ይታያል። ቱቦው ከተዘጋ ግን ዕቃው ከሞተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ በመኪና ላይ የተቀመጠ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሆኖ ይቀራል።

ጠዋት የሚወጡት ሾፌር በሥራው ረጅም ዘመን ያሳለፉ ናቸው። የመጀመሪያ መኪኖቻቸው እንዲህ ያለ ዕቃ ስላልነበራቸው ዕቃውን አያምኑትም። ሞተሩ ሳይነሣ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍታሉ፣ በዓይናቸው ያያሉ፣ በቧንቧ ውሃ እስከ አንገቱ ይሞላሉ። ከሰዓት በኋላ የሚረከባቸው ወጣት ደግሞ ሞተሩ ከጠዋቱ ሥራ የጋለ በመሆኑ ክዳኑን አይነካም። ይህም ትክክል ነው። የፕላስቲኩን ዕቃ ያያል፤ ውሃው ሁልጊዜ ከሁለቱ መስመሮች መካከል ነው፤ ኮፈኑን ዘግቶ ይሄዳል።

በርክክብ ጊዜ የሚነጋገሩት ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጎማና ስለ ቀጣዩ ጉዞ ነበር። አንጋፋው ሾፌር በየጠዋቱ ውሃ እንደሚጨምሩ ለወጣቱ አልነገሩትም። ለእርሳቸው ይህ መስታወት እንደ መጥረግ ያለ የዘወትር ሥራ እንጂ የሚነገር ወሬ አልነበረም።

ሌላም ምልክት ነበር። ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ ቺንጋው ለጥቂት ጊዜ ይጮኻል። አንጋፋው ሾፌር ላልቷል ብለው አጠበቁት፤ ጩኸቱ ጠፋ። ከቀናት በኋላ ተመለሰ፤ እንደገና አጠበቁት። በአንዱ ቀን ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ሞተሩ እየሠራ ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ የኮታቸው እጅጌ ጫፍ በቺንጋውና ቺንጋው በሚዞርበት መንኮራኩር (ፑሌጃ) መካከል ገባ። ልብሱ ተቀደደ፣ ክንዳቸው ግን ተረፈ። ይህንንም ለማንም አልተናገሩም። እኛ የሰማነው ወጣቱ ከተቃጠለ በኋላ በተደረገው ንግግር ነው።

## አደጋው የደረሰበት ሳምንት

አንጋፋው ሾፌር ዕረፍት ወጡና ወጣቱ ጠዋትም ከሰዓትም መኪናዋን ያዘ። በየጠዋቱ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን ለካ፣ የፕላስቲኩን ዕቃ አየ። ሙሉ ነው። ራዲያተሩን ግን በዚያ ሳምንት የከፈተው ሰው አልነበረም፤ ለመክፈትም ምንም ምክንያት አልታየውም።

በሳምንቱ መጨረሻ፣ በሞቃት ከሰዓት፣ ቀስ ብሎ በሚሄድ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ሽቅብ እየወጣ ሳለ የሙቀት መርፌው ድንገት ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋ። ቀደም ብሎ ያስጠነቀቀው ነገር አልነበረም። ይህ የእርሱ ቸልተኝነት አይደለም። በብዙ መኪኖች መርፌው ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ቢልም መሐል ላይ እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሲንቀሳቀስ ነገሩ አልፏል። በዚያ ላይ ውሃው ከሙቀት መለኪያው በታች ከወረደ መለኪያው የሚነካው እንፋሎትና አየር ብቻ ስለሚሆን ትክክለኛውን ሙቀት ላያሳይ ይችላል።

ወጣቱ ዳር ይዞ ሞተሩን ወዲያው አጠፋ። ሞተሩን ያዳነው ይህ ፈጣን ውሳኔ መሆኑን በኋላ አረጋግጠናል። ከኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት እየወጣ ስለነበር ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ። ጨርቅ አጣጥፎ በክዳኑ ላይ አደረገ፤ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፤ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ድረስ አዞረው። ፉጨት ሰማ። ፉጨቱ ደከመና ጠፋ። ግፊቱ ወጥቶ አልቋል ብሎ ክዳኑን ተጭኖ ሲያዞረው ውሃው ፈነዳ።

## ውሃው ለምን ፈነዳ

ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግን ግፊት እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ብዙዎቹ ከ0.9 እስከ 1.1 ባር ይይዛሉ። በዚህ ግፊት ሥር ውሃው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ሲከፈት ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ የነበረው ውሃም ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ይህ እንፋሎት ነው የቀረውን የፈላ ውሃ እየገፋ የሚያወጣው። ራዲያተሩ መጉደሉም ከዚህ አያድንም፤ ጥቂት ውሃ ለብዙ እንፋሎት ይበቃል።

አሥር ደቂቃው ያልበቃው ደግሞ ሞተር ከጠፋ በኋላ ውሃው መዞሩን ስለሚያቆም ነው። ብረቱ የያዘው ሙቀት ወደ ቆመው ውሃ መግባቱን ይቀጥላል፤ ለተወሰነ ጊዜ ግፊቱ ከመቀነስ ይልቅ ሊጨምርም ይችላል።

ፉጨቱስ ለምን ጠፋ? የክዳኑ የመጀመሪያ ማቆሚያ ግፊቱን የሚያስወጣው በዚያው ቀጭን ቱቦ በኩል ነው። በዚህች መኪና ቱቦው በዝገት ጭቃ ሊደፈን ምንም አልቀረውም ነበር። ትንሽ እንፋሎት ፉጨት አሰምቶ ወጣ፣ ጭቃው ቀሪውን ቀዳዳ ዘጋ፣ ድምፁ ቆመ፤ ግፊቱ ግን ውስጥ ነበር። ለአንድ ሳምንት ሐሰተኛ የውሃ መጠን ያሳየው እክል በመጨረሻው ደቂቃ ሐሰተኛ ጸጥታ ሰጠ።

## በቦታው የተደረገው ዕርዳታ

ከተሰበሰቡት ሰዎች አንዱ የጥርስ ሳሙና ካልቀባነው አለ። ሌላ ሰው ከልክሎ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ያለማቋረጥ አፈሰሰበት፤ ሰዓቱንና ቀለበቱን ክንዱ ሳያብጥ አወለቀለት። ሐኪሞቹ ጉዳቱ ከዚህ ያልከፋው በዚህ ምክንያት ነው አሉ። ለእንዲህ ያለ ቃጠሎ የሚመከረው 20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ፣ ከዚያ ንጹሕ በሆነና በማይጣበቅ ነገር ሸፍኖ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። በረዶ፣ ቅቤ፣ ሳሙና አይደረግበትም። ዓይን ከተነካ ውሃ እያፈሰሱ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

## ምርመራው፦ ያልሠራውና የሠራው

መኪናዋን በማግሥቱ፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዛ ሳለ ከፈትናት። የፕላስቲኩ ዕቃ በትክክል ከሁለቱ መስመሮች መካከል ነበር። ራዲያተሩ ግን ከሁለት ሊትር በላይ ውሃ ጠጣ። መካኒኩ ቀጭኑን ቱቦ ነቅሎ ሊነፋበት ሲሞክር አየር አላለፈም፤ በሽቦ ሲጎረጎር ቡናማ ጭቃ ወጣ። የቧንቧ ውሃ በየቀኑ ሲጨመር የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ እያቀጠነ ዝገት የሚከላከለውን ኬሚካል አዳክሞታል፤ ጭቃው የዚያ ውጤት ነው።

ከዚያ ትልቁ ሥጋት የሞተሩ ራስ፣ ማለትም ቴስታታው ነበር። ሞተር ከልክ በላይ ሲግል ቴስታታው ሊጣመም፣ በሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን የሚባለው፣ ሊቃጠል ይችላል። የዘይት መለኪያው ሲታይ ዘይቱ ንጹሕ ነው፤ ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት መልክ ይኖረው ነበር። ከራዲያተሩ አንገት በሚወጣው አየር ላይ የቃጠሎ ጋዝ መኖሩን የሚለይ ሰማያዊ ፈሳሽም ተሞከረ፤ ጋዝ ቢኖር ወደ ቢጫ ይለወጥ ነበር፣ አልተለወጠም። ሞተሩ ደኅና ነው።

የመጀመሪያው ጥገና ቱቦውን ማጽዳት፣ ክዳኑን መለወጥና የማኒኮቶዎቹን፣ ማለትም ውሃ የሚያመላልሱትን የጎማ ቱቦዎች፣ ማሰሪያዎች ማጥበቅ ብቻ ነበር። የክዳኑ ጎማ ተሰነጣጥቆ ስለነበር መካኒኩ ውሃው በዚያ በኩል በእንፋሎት መልክ እየወጣ ነው ብሎ ደመደመ። በፓምፑ ሥር ነጣ ያለ የደረቀ የውሃ መስመር ይታይ ነበር፤ የድሮ ነው ተብሎ ታለፈ። ግምቱ ልክ አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሃው እንደገና ጎደለ።

አሁን ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ነበር። ቱቦው ክፍት ስለሆነ ጉድለቱ በፕላስቲኩ ዕቃ ላይ ታየ፤ ክዳን መክፈት ሳያስፈልግ፣ ሞተሩም ሳይግል። ያልተሳካው ጥገና ችግሩን ባይፈታም መኪናዋ እንደገና እውነቱን እንድትናገር አደረጋት። እኔ ይህን እንደ ኪሳራ አላየውም።

በሁለተኛው ዙር በራዲያተሩ አንገት ላይ የእጅ ፓምፕ ተገጥሞ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት ተሰጠ። የግፊት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወረደ። ማኒኮቶዎቹ ደረቅ ናቸው። በትንሽ መስታወትና በባትሪ መብራት የፓምፑ ሥር ሲታይ፣ ለማስጠንቀቂያ ተብላ ከምትተወው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ይንጠባጠባል። የፓምፑን ዘንግ ይዞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ላልቷል፣ የውሃ ማገጃውም ተበልቷል።

የቺንጋው ጩኸት ምስጢርም እዚህ ተፈታ። ከፓምፑ የሚወጣው ውሃ ቺንጋውን ሲያርሰው ቺንጋው እየተንሸራተተ ይጮኻል። ጩኸቱ የመላላት ምልክት አልነበረም። ቺንጋው ደጋግሞ ሲጠብቅ ደግሞ በተዳከመው ኩሽኔታ ላይ ተጨማሪ ጫና ሆነ፤ ማገጃው ይበልጥ ተበላ፣ ውሃው ይበልጥ ወጣ፣ ቺንጋውም መልሶ ጮኸ። ፓምፑና ቺንጋው ተለወጡ። ውስጡ ታጠበ። አምራቹ የሚያዘው ዓይነት የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ተቀላቅሎ ተሞላ። ከዚያ ወዲህ ውሃው አልጎደለም።

## ፍተሻውን እንዴት ለወጥነው

መጀመሪያ ያወጣነው ቅጽ የተለመደው ዓይነት ነበር፦ ዘይት፣ ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ ቺንጋ፣ ባትሪ፤ ከእያንዳንዱ ፊት የ«ታይቷል» ምልክት ማድረጊያ ሳጥን። ቅጹ አልሠራም። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ሁሉም ሳጥን በሁሉም ቀን ምልክት ነበረበት፤ አንዷ መኪና ጋራዥ ውስጥ ሞተሯ ወርዶ በተቀመጠችበት ቀን እንኳ። ሾፌሮቹን መውቀስ ቀላል ነበር። ነገር ግን ቅጹ የጠየቃቸው ማየታቸውን እንጂ ያዩትን አልነበረም።

ሁለተኛው ቅጽ ሳጥን የለውም። ሾፌሩ ውሃው በሁለቱ መስመሮች መካከል የት ላይ እንዳለ፣ ዘይቱ በመለኪያው ላይ የት እንደደረሰ ይጽፋል። አንድ ነገር ከጨመረ ስንት ሚሊ ሊትር እንደጨመረ ይጽፋል፤ ለዚህም መጠን የተጻፈበት ጠርሙስ ለእያንዳንዱ መኪና ተሰጠ። ከሰዓት የሚረከብ ሾፌር ከመፈረሙ በፊት የጠዋቱን መስመር ያነባል። የሥራው ብዛት ከድሮው አልጨመረም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ መኪና ዘይት እየበላች መሆኑ ከወረቀቱ ላይ ተነበበ፤ ለዚህ ኮፈን መክፈት እንኳ አላስፈለገም።

የፍተሻው ጊዜና ቅደም ተከተልም ተወሰነ። ፍተሻ የሚደረገው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ነው። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ትቆማለች፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ቁልፉ ተነቅሎ በሾፌሩ ኪስ ይገባል። ቁልፉ በቅርብ እስካለ ድረስ ማስነሻውን በጣት በመጫን ብቻ የሚነሡ መኪኖች ከሆኑ ደግሞ ቁልፉ ከመኪናው ራቅ ይደረጋል። የቁልፉ ነገር ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ በብዙ መኪኖች ሞተሩ ጠፍቶም ሳይታሰብ ሊነሣ ይችላል። ቀለበት፣ ሰዓት፣ ሐብል ይወልቃል፤ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ይሰበሰባል፤ ረጅም ጠጉር ወደ ኋላ ይታሰራል። የብረት ቀለበት በባትሪው አዎንታዊ ጫፍና በመኪናው አካል መካከል ድልድይ ከሆነ በሰከንዶች ውስጥ ግሎ ጣት ያቃጥላል።

ከሁሉ በፊት መኪናዋ ሥር ያለው መሬት ይታያል። አዲስ እርጥበት ካለ ቀለሙና ቦታው ይጻፋል። ከዚያ ኮፈኑ ይከፈታል፤ መደገፊያው ዘንግ በተዘጋጀለት ቀዳዳ በትክክል መግባቱ በእጅ ይረጋገጣል፤ ነፋስ ካለ በተለይ። ቀጥሎ እጅን ወደ ኋላ አድርጎ ማየት ነው። አዲሶቹን ሾፌሮች በጣም ያስቸገራቸው ይህ ነበር፤ ኮፈን ሲከፈት እጅ አንድ ነገር መንካት ይፈልጋል። ሆኖም ከሚፈለገው መረጃ አብዛኛው የሚገኘው ሳይነካ ነው። የውሃውና የፍሬን ዘይቱ መጠን በፕላስቲኩ ግድግዳ በኩል ይታያል፤ የቺንጋው መሰንጠቅ፣ የማኒኮቶ ማበጥ፣ በባትሪ ጫፍ ላይ ያለ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት፣ በአይጥ የተበላ ሽቦ፣ ሁሉም ዓይን ይበቃቸዋል።

የሚነካው የዘይት መለኪያው ነው። ይወጣል፣ በማይበጣጠስ ጨርቅ ይጠረጋል፣ እስከ መጨረሻው ይገባል፣ እንደገና ወጥቶ ይነበባል። የመጀመሪያው ንባብ አይቆጠርም። ሞተሩ ሠርቶ ከነበረ ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ (ኮፓ) እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ከከፍተኛው መስመር በላይ መሙላትም ጉዳት አለው፤ የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን መትቶ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን አያለሰልስም።

የፍሬን ዘይትን በተመለከተ ሾፌሮች እንዳይጨምሩ ከለከልን። ይህ ክልከላ ቅሬታ አስነሣ፤ ምክንያቱ ሲገለጽ ግን ተቀበሉት። የፍሬን ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ዘይቱ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል፤ ድንገት ከወረደ ደግሞ የሚያፈስ ቦታ አለ። በሁለቱም ሁኔታ ዝቅ ማለቱ መልእክት ነው፤ የሚሞላው ሰው መልእክቱን ይሰርዛል። ዓይነቱም ያሳስባል። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ዓይነቶች ከአየር እርጥበት የሚስቡ ናቸው፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አይታመንም። ዶት 5 በሲሊኮን የተሠራ በመሆኑ ከእነርሱ ጋር አይቀላቀልም።

ባትሪውን ሾፌሮች በዓይን ብቻ ያያሉ። ውስጡ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ኃይል ሲሞላ የሚያወጣው የሃይድሮጂን ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ሲጋራና ክብሪት እዚያ ቦታ የላቸውም። ጫፉን መንቀል ካስፈለገ መካኒኩ መጀመሪያ አሉታዊውን ይነቅላል፣ ሲገጥም መጨረሻ ላይ አሉታዊውን ይመልሳል።

ሥራው ሲያልቅ ጨርቁና መሣሪያው ይቆጠራል። ሞተር ላይ የተረሳ ጨርቅ እሳት ሊያስነሣ ወይም በቺንጋ ሊጠቀለል ይችላል።

## ሞተሩ መንገድ ላይ ከጋለ

የተቃጠለው ወጣት ወደ ሥራ ሲመለስ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ነበር፦ «እሺ፣ ረዳት በሌለበት መንገድ ላይ ብቆምስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። «አትክፈት» ብቻ የሚል መመሪያ ውሎ አድሮ ይጣሳል።

የተስማማንበት አሠራር ይህ ነው። ሞተሩ ይጠፋል። ከጠርዙ እንፋሎት እየወጣ ኮፈን አይከፈትም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። መለኪያው ግን ሰዓቱ ሳይሆን የላይኛው ማኒኮቶ ነው፤ መጀመሪያ የእጅ ጀርባ ቀረብ ተደርጎ ሙቀቱ ይገመታል፣ ከዚያ ይነካል። በእጅ ሊጨበጥ እስኪችል ካልቀዘቀዘ፣ ሲጨመቅም ለስላሳ ካልሆነ ግፊት አለ፣ ክዳኑ አይነካም። ከቀዘቀዘ በኋላም ወፍራም ጨርቅ ይደረጋል፣ ከጎን ተቁሞ ክዳኑ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ይዞራል፤ ውሃ ከወጣ መልሶ ይጠበቃል። የፉጨት መጥፋት ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ማኒኮቶው እንደገና ይጨመቃል። በጥርስ የሚጠመዘዝ ክዳን ያላቸው መኪኖች ግልጽ ማቆሚያ ስለሌላቸው የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ውሃ ሲጨመርም ቀስ በቀስ ነው፤ በጋለ ብረት ላይ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለ መኪናዋ እዚያው ትቀመጣለች። በድርጅቱ ዘንድ በመዘግየት ማንም እንደማይጠየቅ በጽሑፍ እንዲወጣ ግድ ብያለሁ፤ ወጣቱ ክዳኑን የከፈተው የሚጠብቁት ሰዎች ስልክ እየደጋገሙበት ሳለ ነበርና።

## ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

ከዚህ ጉዳይ በየትኛውም መኪና ላይ የሚሠራው የመጀመሪያው ነገር፣ የማይንቀሳቀስ ምልክት መጠርጠር እንዳለበት ነው። ሞተሩ ቢግልም ቢቀዘቅዝም ፈጽሞ የማይለወጥ የውሃ መጠን የጤና ምልክት ላይሆን ይችላል። አዲስ መኪና የተረከበ ሰው አንድ ጊዜ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ አንድ ጊዜ ከጉዞ በኋላ ክዳን ሳይከፍት ዕቃውን ቢያይ መኪናው የሚናገር መሆኑን ያውቃል።

ሁለተኛው የመሙላት ጉዳይ ነው። መጠኑ ሳይጻፍ የተሞላ ነገር ሁሉ ማስረጃ ያጠፋል። አንጋፋው ሾፌር በየጠዋቱ ባይሞሉ ኖሮ ሞተሩ ቀድሞ ይግል ነበር፤ ሞልተው ቢጽፉ ግን ፓምፑ ማፍሰስ ገና ሲጀምር ችግሩ ይያዝ ነበር። እርሳቸው ይህን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ የሚጽፉበት ወረቀት የሰጣቸው አልነበረም። ዛሬ አዲስ ሾፌር ሲቀጠር የጠዋቱን ፍተሻ የሚያሳዩት እርሳቸው ናቸው፤ የተቀደደውን እጅጌ ታሪክም ይነግሩታል።

ሦስተኛው፣ ድምፅን በመፍትሔ ከመዝጋት በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ነው። የሚጮኽ ቺንጋ ሊላላ፣ ሊያረጅ፣ ሊረጥብ ወይም የሚያዞረው ዕቃ ሊይዘው ይችላል። ማጥበቅ ከእነዚህ የሚፈታው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላውን ሊያባብስ ይችላል።

የማቀዝቀዣ ፈሳሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙው ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዛማ ነገር አለበት፤ ጣዕሙ ጣፋጭ በመሆኑ ሕፃናትና እንስሳት ሊቀምሱት ይችላሉ። መሬት ላይ የፈሰሰው ወዲያው ይታጠባል፤ ትርፉ በመጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥም።

አሠራሩ እንዳለ የማይገለበጥባቸው መኪኖችም አሉ። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች የዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ መጠኑ የሚነበበው ከዳሽቦርዱ ነው። በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ በሚረጩ ሞተሮች ላይ የሚያፈስ ቦታ በእጅ እየዳሰሱ መፈለግ ክልክል ነው፤ ግፊቱ ናፍጣውን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ሊያስገባ ይችላል። በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሃይብሪድ መኪኖች ድምፅ ሳያሰሙ ቆመው ሳለ ሞተራቸው በራሱ ሊነሣ ስለሚችል ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ ኮፈናቸው አይከፈትም። በእነዚህና ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በሚሠሩት ላይ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሸከማሉ፤ ለዚያ የሠለጠነ ባለሙያ ካልሆነ በስተቀር ማንም አይነካቸውም።